የውሻና የድመት ሥርዓተ ልመት፦ ለክፍል ትምህርት የሚሆን ማብራሪያ እፈልጋለሁ

የሳቢያኑ መምህር (ድሬዳዋ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሳቢያን ውስጥ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ሥርዓተ ልመት ባስተማርኩ ቁጥር የሚነሱብኝን ጥያቄዎች ለእንስሳት ሐኪሞችና ለሙያው ቅርበት ላላችሁ ሁሉ ላቅርብ ብዬ ነው የመጣሁት። በክፍል ውስጥ በሰሌዳ ላይ የምሥለው የሰውን አንጀትና ጨጓራ ነው፤ ለንጽጽር የምጠቅሰውም አብዛኛውን ጊዜ የሚያመሰኳ እንስሳ ነው። ተማሪዎቼ ግን ከላም ይልቅ የሚያውቁት ቀፊራ ገበያ ውስጥ ሥጋ ቤቶቹ አጠገብ የሚያደባውን ውሻና በየቤታቸው የምትኖረውን ድመት ስለሆነ፣ ጥያቄያቸው ሁሉ ወደ እነዚህ ሁለቱ ያመራል።

ውሻ ሥጋውን ሳያኝክ እየዋጠ ለምን አይታነቅም? በአንድ ቤት እየኖሩ ውሻው እንጀራውን ከነወጡ ጠርጎ ሲበላ ድመቷ ሥጋዋን ለቅማ እንጀራውን የምትተወው ለምንድን ነው? ሁለቱም የበሉትን በቀላሉ የሚያስታውኩት ስለምን ነው? ትርፍ አንጀትስ አላቸው? ሐረር ለዘመድ ጥየቃ ሄዳ ከጁገል ግንብ ውጭ ጅቦች ሲመገቡ ያየች አንዲት ተማሪ ደግሞ ጅብ ከውሻ ወገን መሆን አለመሆኑን፣ አጥንቱንስ ምን አድርጎ እንደሚፈጨው ጠይቃኛለች።

«ሥጋ በል ስለሆኑ አንጀታቸው አጭር ነው» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ እሱን ለተማሪዎቹ ነግሬያቸው አልረኩም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አልረካሁበትም። ከአፍ ጀምሮ እስከ ፊንጢጣ የአካሉን አሠራር፣ በተለይም ሁለቱ እርስ በርሳቸው የሚለያዩበትን ብትገልጹልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ሐኪም ከሐረር

መምህር፣ ጥያቄዎ ደስ ያሰኛል። እኔ በሐረርና በዙሪያዋ በእንስሳት ሕክምና የምሠራ ስሆን፣ የዕለት ሥራዬ የሚበዛው ከፍየል፣ ከከብትና ከግመል ጋር ቢሆንም ውሻና ድመት ይዘው የሚመጡ ሰዎችም አይታጡም።

ውሻንና ድመትን «ሥጋ በል» በሚል አንድ ስም ጠቅልሎ ማለፍ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ለተማሪ ይበልጥ የሚጠቅመው ልዩነታቸው ነው ባይ ነኝ። የውሻ ሥርዓተ ልመት ባገኘ ጊዜ ብዙ ለሚውጥ፣ ያገኘውንም ለማይመርጥ እንስሳ የተመቸ ነው። የድመት ግን አይጥና ወፍ የመሰለ ትንሽ ፍጡር እያደነች፣ በቀን ብዙ ጊዜ ጥቂት በጥቂት ለምትበላ እንስሳ የሚስማማ ነው። ከታች የምዘረዝራቸው ልዩነቶች አብዛኞቹ ከዚህ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ከጥርስ እንነሣ። ያደገ ውሻ 42 ጥርሶች አሉት፤ 20ዎቹ ከላይ፣ 22ቱ ከታች ናቸው። ያደገች ድመት ያሏት ግን 30 ብቻ ሲሆኑ፣ ከላይ 16 ከታች 14 ሆነው ይገኛሉ። በሁለቱም እንስሳት በየጎኑ አንድ የላይኛውና አንድ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ እጅግ ስለታም ሆነው ጎን ለጎን እየተላለፉ ሥጋና ጅማት ይቆርጣሉ። ዋናው ልዩነት የሚታየው ከእነዚህ ቆራጮች በስተኋላ ነው። ውሻ ከኋላ ሰፋ ያለ ገጽ ያላቸው መንጋጋዎች ስላሉት አጥንትና ጠጣር ምግብ ይሰባብርባቸዋል። ድመት ግን የሚፈጭ ገጽ ያለው ጥርስ የላትም ማለት ይቻላል፤ ከላይ በየጎኑ የቀረችላት አንዲት የኋላ መንጋጋም እዚህ ግባ የማትባል ናት። የሁለቱም አገጭ በዋናነት ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ እንደ ሰው ወይም እንደ ፍየል ወደ ጎን እየተንሸራተተ አያላምጥም። ስለዚህ ውሻው «ሳያኝክ ዋጠ» የሚባለው አፉ ለማላመጥ ስላልተሠራ ነው፤ ለመዋጥ እስኪመች ድረስ ቆርጦ ይለቀዋል።

ምራቃቸውም ቢሆን ምግብን አፍ ውስጥ ለማቆየት ምክንያት አይሰጣቸውም። በሰው ምራቅ ውስጥ ስታርችን (በእህል ውስጥ የሚገኘውን ዱቄታማ ንጥረ ነገር) መሰባበር የሚጀምር ኢንዛይም አለ፤ በውሻና በድመት ምራቅ ውስጥ ግን ይህን ያህል የሚባል መጠን የለም። የምራቃቸው ዋና ሥራ ጉርሻውን አርጥቦ ማንሸራተት ነው።

ጉሮሮው በአንገት ላይ ከአየር ቧንቧው ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ወርዶ ደረትን አቋርጦ ጨጓራ ውስጥ ይገባል፤ ሲለጠጥም በጣም ይሰፋል። እዚህ ላይ ለክፍል የሚሆን ጥሩ ነጥብ አለ። የውሻ ጉሮሮ ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሠራው ከአጥንት ጋር እንደሚያያዙት ጡንቻዎች ባለ፣ ሽንትር ባለው ጡንቻ ነው። የድመት ግን የመጨረሻው አንድ ሦስተኛ ያህሉ እንደ አንጀት ግድግዳ ያለ ልሙጥ ጡንቻ ነው። ሰውም ቢሆን የጉሮሮው የላይኛው ክፍል ሽንትር ያለው፣ የታችኛው ልሙጥ ስለሆነ በዚህ ረገድ ከውሻ ይልቅ ወደ ድመት ይቀርባል። ይህ ሁሉ ሲባል ውሻ ጨርሶ አይታነቅም ማለት አይደለም። ጉሮሮው ወደ ደረት በሚገባበት ቦታ፣ በልብ አናት ላይና ደረትን ከሆድ የሚለየውን ጡንቻ (ዲያፍራምን) ሊያልፍ ሲል እንደ ልብ ሊሰፋ ስለማይችል፣ ማዕዘን ያለው የፍየል የጀርባ አጥንት የዋጠ ውሻ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው እነዚህን ሦስቱን ቦታዎች ነው።

ጨጓራቸው እንደ ሰው አንድ ክፍል ብቻ ያለው ነው። ባዶ በሆነ ጊዜ ከጎድን አጥንት በታች ተደብቆ በእጅ አይዳሰስም፤ ሲሞላ ግን የውሻ ጨጓራ ከጎድን አጥንቱ አልፎ ወደ ሆድ ይዘልቃል፤ መጠኑም እንደ ውሻው ትልቅነት ከግማሽ ሊትር ተነሥቶ እስከ በርካታ ሊትር ይይዛል። የድመት ግን ከ300 ሚሊ ሊትር ገደማ ብዙም አያልፍም። ይህ የመስፋት ችሎታ ለውሻ ጸጋ የመሆኑን ያህል አደጋም አለው። ደረታቸው ጥልቅ የሆነ ትልልቅ ዝርያዎች፣ ለምሳሌ ለጥበቃ የሚያዙት ጀርመን ሼፐርዶች፣ ጨጓራቸው በጋዝ ተነፍቶ በራሱ ላይ ሊጠመዘዝ ይችላል፤ ያኔ መግቢያውም መውጫውም ይዘጋል፤ በሰዓታት ውስጥ ካልታከመም ይገድላል።

ስለ ማስታወክ የጠየቁት ንጽጽር የሚጠይቅ ነው። እዚህ ሐረር እንደምናየው አህያ ወይም ፈረስ ሆዱን የቱንም ያህል ቢያመው አያስታውክም፤ ጉሮሮው ጨጓራውን የሚገናኝበት ቦታ በጠንካራ ጡንቻ ስለሚዘጋ ምግቡ ተመልሶ መውጣት አይችልም ማለት ይቻላል። በውሻና በድመት ግን ይህ መዝጊያ በቀላሉ ይከፈታል፤ በአንጎል ውስጥ ማስታወክን የሚያዝዘው ማዕከልም ንቁ ነው። ብልሽት ያለበትን ምግብ ለሚነካ እንስሳ ይህ ጥበቃ ነው። ተማሪዎችዎ አንድ ነገር ቢለዩ ደስ ይለኛል፦ ሆድ እየተኮማተረ፣ እያጓጎረ የሚወጣው ከጨጓራ የመጣ ትውከት ነው፤ ያለምንም ጥረት አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ የሚፈሰው ደግሞ ጨጓራ ያልደረሰ፣ ጉሮሮ ውስጥ የቀረ ምግብ ነው። ይህ ልዩነት ለሐኪሙ ችግሩ ያለበትን ቦታ ግማሽ መንገድ ያሳየዋል።

ከጨጓራ በታች ያለውን ሌሎች ቢቀጥሉበት መልካም ነው።

የሐረማያ ተማሪ

ዶክተር ካቆሙበት ልቀጥል። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና እየተማርኩ ነው፤ ይህን ክፍል በቅርቡ ስላጠናሁት የማውቀውን እጽፋለሁ፤ ያጎደልኩትን ዶክተር ይሙሉልኝ።

የአንጀት ርዝመት ከአካል ርዝመት ጋር ሲነጻጸር በውሻ ስድስት እጥፍ፣ በድመት አራት እጥፍ ገደማ ነው። የድመት ቀጭን አንጀት ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የውሻው እንደ ዝርያው መጠን ከ2 እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። መምህር አጭር ነው የሚለው መልስ ያላረካቸው ትክክል ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የአንጀቱ ውስጠኛ ገጽ ረጃጅም በሆኑ ጥቃቅን ጣት መሰል ቅጥያዎች የተሞላ ስለሆነ፣ ርዝመቱ ያጠፋውን ስፋት በከፊል ያካክሱታል።

ከጨጓራው መውጫ የሚጀምረው የቀጭን አንጀት ክፍል ዱዮዲነም ሲሆን፣ በሆድ የቀኝ ጎን ወርዶ ተጠምዝዞ ይመለሳል። ቆሽት በዚህ እጥፋት ውስጥ ሁለት ክንፍ ሆኖ ተዘርግቷል፤ አንደኛው ክንፍ ዱዮዲነምን ተከትሎ ይወርዳል፣ ሁለተኛው ከጨጓራው በስተኋላ ወደ ግራ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ጀጁነም ረጅሙ ክፍል ነው፤ ኢሊየም ደግሞ አጭር ጭራው ነው።

ለመምህር ጥያቄ በጣም የሚጠቅመው የቆሽትና የሐሞት ቱቦዎች ልዩነት ይመስለኛል። በአብዛኞቹ ድመቶች ከቆሽት የሚወጣው ቱቦ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ወደ አንጀት ከመግባቱ በፊት ከሐሞት ቱቦ ጋር ተገናኝቶ በአንድ ቀዳዳ ይፈስሳል። ውሻ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የቆሽት ቱቦ አለው፤ ትንሹ ከሐሞት ቱቦ አጠገብ ይከፈታል፣ ትልቁ ደግሞ ከዚያ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ለብቻው ይከፈታል። በድመት አንጀት ላይ የጀመረ መቆጣት (ብግነት) ወደ ጉበትና ወደ ቆሽት በቀላሉ ይዛመታል የሚባለው፣ የሦስቱም በር አንድ በመሆኑ ነው።

ስለ እንጀራው ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የዘር ጥናት እንዳሳየው፣ ተኩላ በቆሽት ውስጥ ስታርች የሚሰባብረውን ኢንዛይም የሚያዝዘው ዘረ መል ሁለት ቅጂ ብቻ ሲኖረው፣ ውሻ ከአራት እስከ ሠላሳ የሚደርስ ቅጂ አለው። ከሰው ጋር ሲኖር ከእህል ምግብ ጋር ተላምዷል ማለት ነው። እንጀራ ላይ ያለው ስታርች ደግሞ የበሰለ በመሆኑ ለውሻ አንጀት ብዙም አይከብደውም። በድመት ቆሽት ያለው የዚህ ኢንዛይም መጠን ከውሻው እጅግ ያነሰ ነው፤ ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2005 እንደታወቀው፣ የጣፋጭ ጣዕም መቀበያ ከሚሠሩት ሁለት ዘረ መሎች አንዱ በድመት ላይ ስለማይሠራ ድመት ጣፋጭ ነገርን አታጣጥምም። ስለዚህ ድመቷ እንጀራውን ትታ ሥጋውን የምትለቅመው ሞልቃቃ ሆና አይደለም።

ትርፍ አንጀት ሁለቱም የላቸውም። ያላቸው ቀጭኑና ትልቁ አንጀት በሚገናኙበት አካባቢ ያለ ዝግ ከረጢት ነው፤ በውሻ ተጠማዝዞ የተጠቀለለ ሲሆን በድመት ትንሽ ጉጥ ብቻ ነው። ትልቁ አንጀት አጭርና ለስላሳ ነው፤ የሰው ትልቅ አንጀት ላይ የሚታዩት ተከታታይ እብጠቶች የሉበትም። ዋና ሥራው ውሃና ጨው መምጠጥ ስለሆነ፣ በድሬዳዋ ሙቀት ውሃ ያጠራት ድመት ሰገራዋ ደርቆ የሚያስቸግራት እዚህ ላይ ነው። ፊንጢጣው ግራና ቀኝ ዝቅ ብሎ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች አሉ፤ ሽታ ያለው ፈሳሽ ያጠራቅማሉ። ውሻ መቀመጫውን መሬት ላይ ሲጎትት ሰው ሁሉ «ትል ነው» ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የእነዚህ ከረጢቶች መሙላት ነው።

የሥጋ መርማሪ (ድሬዳዋ)

ወጣቱ ተማሪ በሚገባ ጽፈሃል፤ ተባረክ። እኔ በሥጋ ምርመራ ሥራ ላይ የቆየሁ ነኝ፤ መምህር በክፍል ሊያሳዩት የሚችሉትን ነገር ልጨምር።

የውሻ ሬሳ ለክፍል ማምጣት አይቻልም፤ አይገባምም። ከሥጋ ቤት የበግ አንጀት ገዝቶ አጥቦ መዘርጋት ግን ቀላል ነው። የበግ አንጀት ከአካሏ ርዝመት 25 እጥፍ ገደማ ስለሚሆን፣ አንዱ ተማሪ የበጓን አንጀት ጫፍ ይዞ ከሰሌዳው ይነሣ፤ ሌሎቹ ደግሞ ለውሻና ለድመት በልካቸው ገመድ ቆርጠው ይዘርጉ። በጓ ግቢውን አቋርጣ ስትሄድ የድመቷ ገመድ ከመምህሩ ጠረጴዛ ብዙም አይርቅም። ይህን ያየ ተማሪ ሌላ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ሞራ ነው። በፍየልና በበግ የምናውቀው ሞራ በውሻም አለ፤ ከጨጓራው ትልቁ ጠርዝ ተነሥቶ እስከ ሽንት ፊኛ አካባቢ ወርዶ ይታጠፍና አንጀቱን ከፊት እንደ ሽርጥ ይሸፍነዋል። የውሻ ሆድ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው እንጂ አንጀቱ አይደለም። ቁስል ያለበት ቦታ ላይ እየተጣበቀ ስለሚያሽግ ቀዶ ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል።

ሦስተኛው የማልፈው ነገር አይደለም። በበግ፣ በፍየልና በግመል ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ስናገኝ አስወግደን እንቀብራለን ወይም እናቃጥላለን፤ ሰው ግን በየመንደሩ ሲያርድ ይህን ለውሻ ይወረውራል። በከረጢቱ ውስጥ ያሉት የኤኪኖኮከስ ትል ጫጩቶች በውሻው ጨጓራ አሲድ አይሞቱም፤ እንዲያውም የጨጓራው ኢንዛይምና ሐሞቱ ናቸው የሚቀሰቅሷቸው። ከዚያ በቀጭን አንጀቱ ግድግዳ ላይ ባሉት ቅጥያዎች መካከል ተጣብቀው ያድጋሉ። ያደገው ትል ከ7 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ውሻውም ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማውም። ዕንቁላሉ ግን ከሰገራው ጋር ወጥቶ ሳርና ውሃ ይበክላል፤ ከብቱንም ሰውንም ይይዛል፤ በሰው ጉበት ላይ የሚያድገው ከረጢት ቀዶ ሕክምና እስከ መጠየቅ ይደርሳል። ድመት ለዚህ ትል እምብዛም አትመችም። መምህር ስለ ውሻ አንጀት ሲያስተምሩ ይህን ካላነሡ ትምህርቱ ጎደሎ ነው እላለሁ።

አጥንትን በተመለከተ ግን ዶክተር የሰጡት ማስጠንቀቂያ የበዛ መሰለኝ። ውሻ አጥንት ሲበላ ኖሯል፤ ሲበላም እናያለን።

የጁገል ነዋሪ (ሐረር)

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር አጠገብ የምኖር የቤት እመቤት ነኝ። በአካባቢያችን ልብስ ሰፊዎች ስለሚበዙ ክር መሬት ላይ አይጠፋም፤ ድመቶቹም በክር መጫወት ይወዳሉ። የጎረቤቴ ድመት መብላት ትታ፣ እያስታወከች፣ ጓዳ ውስጥ ተደብቃ ሰነበተችና ከአፏ የክር ጫፍ ታየ። ባለቤቷ ሊጎትተው ሲል አንድ ሰው ከለከለው፤ ወደ ሕክምና ተወስዳ ተረፈች። ዶክተር፣ ድመት ክሩን ለምን አትተፋውም? ውሻ ጨርቅ ሲያኝክ ብዙ ጊዜ ይተፋዋል። መጎተቱስ ምን ጉዳት ነበረው?

ሐኪም ከሐረር

እመቤቴ፣ የከለከለው ሰው ይመስገን፤ ድመቷን ያተረፋት እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የድመት ምላስ ላይ ያሉት ሻካራ እሾሆች ጥፍር ከተሠራበት ዓይነት ነገር የተሠሩ ሲሆኑ፣ ሁሉም ጫፋቸው ወደ ጉሮሮ ያዘነበለ ነው። ሥጋን ከአጥንት ለመጋጥና ጸጉርን ለማበጠር የተመቹ ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ የያዙት ክር ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አይሄድላቸውም። ስታበጥር የሚነቀለው ጸጉርም በዚሁ መንገድ ይዋጣል፤ አብዛኛው ከሰገራ ጋር ይወጣል፣ የቀረው ጨጓራ ውስጥ ተጠቅልሎ በትውከት ይመለሳል።

ክሩ ሲዋጥ አንዱ ጫፍ ከምላሷ ሥር ይጠመጠማል ወይም ጨጓራው መውጫ ላይ ይያዛል፤ ሌላው ጫፍ ወደ አንጀት ይወርዳል። አንጀቱ እንደ ልማዱ እየተኮማተረ ክሩን ወደ ታች ሊያወርድ ይሞክራል፤ ክሩ ግን ከላይ ስለታሰረ አይወርድም፤ በዚህ ጊዜ አንጀቱ ራሱ በክሩ ላይ ወደ ላይ እየወጣ ይሸበሸባል። የተወጠረው ክር በእጥፋቶቹ ውስጠኛ ጠርዝ፣ የደም ሥሮቹ በሚገቡበት በኩል፣ ግድግዳውን እየቆረጠ ሊበሳው ይችላል። ከአፍም ሆነ ከፊንጢጣ የታየን ክር መጎተት ይህን መቁረጥ ያፋጥነዋል። መርፌ የተሰካበት ክር ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ የባሰ ነው። ስለዚህ ድመት ማስታወክ ስትጀምር ምላሷን ወደ ላይ አንሥቶ ከሥሩ ማየት የመጀመሪያው ምርመራ ነው፤ እኔ ይህን ሳላደርግ ወደ ሌላ አልሄድም።

መብላት ማቆሟም በራሱ አሳሳቢ ነው። ውሻ ለጥቂት ቀናት ቢጾም ብዙ አይጎዳም፤ ድመት ግን፣ በተለይ የወፈረች ከሆነች፣ ለቀናት ሳትበላ ስትቀር ከአካሏ የሚንቀሳቀሰው ስብ ጉበቷ ውስጥ ተከማችቶ ጉበቱን ሊያሰናክለው ይችላል። የድመት ጉበት ፕሮቲንን የሚያቃጥሉትን ኢንዛይሞች ምግብ በጠፋ ጊዜም ዝቅ ማድረግ አይችልም። ተማሪው ያነሣውን የሐሞት ነገር ብናክልበት፣ ድመት የሐሞት አሲዶቿን የምታዋሕደው ታውሪን ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ብቻ ሲሆን፣ ታውሪንን ግን በበቂ መጠን ራሷ መሥራት አትችልም፤ ከሥጋ ማግኘት አለባት። ካላገኘች የልብ ጡንቻዋና የዓይኗ ብርሃን መቀበያ ይጎዳሉ። ውሻ ግን በመደበኛ ሁኔታ ራሱ ይሠራዋል። «ውሻና ድመትን በአንድ ሳህን ማብላት ምን አለበት» ለሚሉ ሰዎች መልሴ ይኸው ነው፤ ውሻው በድመቷ ምግብ ይኖራል፣ ድመቷ ግን በውሻው ትራፊ አትኖርም።

ለሥጋ መርማሪው ወንድሜ፦ ስለ ኤኪኖኮከስ የጻፉትን ሁሉም ሊያነበው ይገባል። በአጥንቱ ላይ ግን አልስማማም። የጨጓራ አሲድ አጥንትን የሚያሟሟው ጨጓራው ላይ ከደረሰ በኋላ ነው፤ እኔ የምቸገረው ጉሮሮ ላይ በቀረውና ተፈጭቶ በትልቁ አንጀት ውስጥ እንደ ሲሚንቶ በጠነከረው ነው። የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ አጥንት ደግሞ ደርቆ በስለት ስለሚሰነጠቅ ከጥሬው ይብሳል። ውሻ አጥንት ሲበላ የምናየው እውነት ነው፤ በዚህ ሳቢያ የሞተውን ግን ማንም ሆዱን ከፍቶ አያየውም። እግረ መንገዴን፣ ወጥ ውስጥ የሚገባው ቀይና ነጭ ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሕዋስ ስለሚጎዳ፣ ለድመት ደግሞ የበለጠ ስለሚከፋ፣ እንጀራው ከወጡ ውጭ ቢሰጥ ይሻላል።

ጅብን የጠየቀችው ተማሪ ብትሰማ ትገረማለች፤ ጅብ በዝርያ ከውሻ ይልቅ ወደ ድመት ወገን የሚቀርብ ነው። አጥንት የሚሰብርበት ጥርሱ ከቆራጮቹ ፊት ያሉት ወፋፍራም መንጋጋዎች ናቸው፤ ውሻ ግን ከቆራጮቹ ኋላ ባሉት ነው የሚሰብረው። ጨጓራው የአጥንቱን ማዕድን እስከማሟሟት ስለሚደርስ ኩሱ ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ የማይፈጨውን ጸጉርና ሰኮና ግን አድበልብሎ ያስታውከዋል። ስለዚህ ጅቡ የበላውን አጥንት አይታ ለቤቷ ውሻ አጥንት እንዳትሰጥ ይንገሯት።

የሳቢያኑ መምህር (ድሬዳዋ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ከጠበቅሁት በላይ ነው። የገመዱን ሐሳብ በሚመጣው ሳምንት እሠራበታለሁ። ዶክተር፣ አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል፦ በሰሌዳ ላይ የሁለቱንም ሆድ ዕቃ ጎን ለጎን ልሥል አስቤያለሁ፤ ከየትኛው አቅጣጫ ብሥለው ነው ልዩነቱ የሚታየው?

ሐኪም ከሐረር

በጀርባቸው እንደተኙ አድርገው ከሆድ በኩል ይሣሏቸው። በዚህ አሣሣል የእንስሳው ግራ በእርስዎ ቀኝ እንደሚሆን አስቀድመው ይንገሯቸው፤ አለበለዚያ ተማሪዎቹ ግራ ይጋባሉ። ጨጓራው በአብዛኛው በእንስሳው ግራ ነው፤ ጣፊያውም ከትልቁ ጠርዙ ጋር ተያይዞ በዚያው ጎን ይንጠለጠላል። መውጫው ወደ ቀኝ ዞሮ ዱዮዲነም በቀኝ በኩል ይወርዳል። ትልቁ አንጀት ከቀኝ አጭር ሆኖ ወደ ፊት ይወጣል፣ ከጨጓራው በስተኋላ ወደ ግራ ይሻገራል፣ ከዚያም በግራ ወደ ዳሌ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ስለዚህ አንዱን ሥለው ሁለተኛውን ይገልብጡት። የሚለውጡት ሁለት ቦታ ብቻ ነው። በቀኝ በኩል ያለውን ዝግ ከረጢት ለውሻው ጥምዝ፣ ለድመቷ ጉጥ አድርገው ይሣሉት፤ ዱዮዲነም ላይ ደግሞ ለውሻው ተራርቀው የሚገቡ ሁለት ቀዳዳዎችን፣ ለድመቷ አንድ ብቻ ያስቀምጡ።